አሥራ ስድስተኛው ስም

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አለች ሐምራዊት፣ የድሮውን ፎቶ ገልብጣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን በጣቷ እየቆጠረች። «የቆሙት ሰዎች አሥራ አምስት ናቸው። ስሙ ግን አርባ አምስት ነው። ላይክ፣ ሠላሳው ሰው የት ሄደ?»

ሰሀር የጎረቤታቸው የጋሽ ቶሚ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ ሳቀች። «እስቲ የተወሰነውን አንብቢው።»

«ሚክ ቶም ኔድ። ጂም ማት ሾን። ቶሚ ፓት ጆ። አየሽ? በየመስመሩ ሦስት ሦስት ሰው።»

«አንድ አንድ ሰው ነው። የአንቺ ሙሉ ስም ማነው?»

«ሐምራዊት ክፍሌ ኃይለመስቀል።»

«ታዲያ ስንት ሰው ነሽ?»

ሐምራዊት ሦስቱን በጣቷ ቆጠረች። «ኖ ዌይ» አለች በመጨረሻ። «ፈረንጆች እንደኛ ናቸው?»

ሁሉም አይደሉም። አየርላንድ ገጠር ውስጥ ኖክሞራ በምትባል ቦታ የተወለዱት ግን ናቸው። ሰሀርም ይህን ካወቀች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ትምህርት ቤት «ሚስ አብዱልጀባር» እያሉ ይጠሯታል፤ አብዱልጀባር ደግሞ አያቷ ናቸው፣ አሜሪካን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የወሎ ሰው። ይህን ኖክሞራ ለተወለዱት ለጋሽ ቶሚ ስታጫውታቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እኛ ቡድን ውስጥ ከአሥራ አምስቱ ዘጠኙ ብሬናን ነበርን» አሏት። «ሜዳ ላይ ‹ብሬናን!› ብለሽ ብትጣሪ ዘጠኝ ሰው ነው የሚዞርልሽ። ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። ቶሚ ብሬናን የሆንኩት አሜሪካ ስመጣ ነው። አገሬ ላይ ቶሚ ፓት ጆ ነኝ።»

ሰሀር ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ሦስት ቤት ያህል መንገድ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ስሟ እዚህ አገር ፎርም በሞላች ቁጥር የሚያስቸግራት ነገር ነበር። አሁን ግን ባሕር ማዶ፣ ዝናብ በማያቋርጥበት አገር፣ ልክ እንደ እሷ አያታቸውን በስማቸው ተሸክመው ሜዳ የሚገቡ ሰዎች እንደነበሩ አወቀች። ለማን እንደምትነግረው ጨነቃት።

ጋሽ ቶሚ አትላንታ አጠገብ ባለችው ስኔልቪል ውስጥ ከእነሰሀር ቤት ሦስተኛው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በየማክሰኞው ዓይን ሐኪም ጋ የሚያደርሳቸው የሰሀር አባት ሙሀመድሰዒድ ነው። «ጋሽ» የሚለውን ያወጣላቸውም እሱ ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ በዚያች ቃል ያካክሳል። መጀመሪያ ቀን ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ሲያይ ቀጠሮውንም ሐኪሙንም ረሳ። «ይሄማ የገና ዱላ ነው!» ብሎ ጮኸ። ልጅ ሆኖ ገና በዋለ ቁጥር የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለሁለት ተከፍለው ከእንጨት የተሠራችውን ሩር ሲያሳድዱ ይውሉ ነበር። እንዴት እንደሚመታ ሳሎን መሀል ቆሞ ላሳይ ሲል የመብራቱን ቆብ አወረደው። ጋሽ ቶሚ አጨበጨቡለት። የዓይናቸው መሀሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያዩት፤ አመታቱ ግን ጥሩ መሆኑን ከድምፁ አውቀዋል።

እንዲህ ባለ ዱላ የሚጫወቱት የጋሽ ቶሚ አገር ጨዋታ ኸርሊንግ ይባላል። ሰሀር ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ስለዚሁ ጨዋታ መጽሐፍ ለመጻፍ ነው፦ ጋሽ ቶሚ የኖክሞራን ክለብ ታሪክ ይናገራሉ፣ እሷ ትተይባለች። አመጣጧ ለትምህርት ቤት የበጎ ፈቃድ ሰዓት ለመሙላት ነበር። ሰዓቱ ካለፈው ሳምንት ሞልቷል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

እንዴት ትቅር? ኖክሞራ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሱቅና ስድሳ ቤት ብቻ ያላት ሰበካ ናት። ሜዳውን የሰጠቻቸው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሜዳ ከተባለ ማለት ነው፣ ድንጋይ ብቻ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ሰዉ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በዚያ ያልፍና እያንዳንዱ የቻለውን ድንጋይ አንስቶ ዳር ያስቀምጣል። አሮጊቶቹ በሽርጣቸው፣ ሕፃናቱ በመዳፋቸው። ዛሬ ሜዳውን ዙሪያውን የከበበው አጥር ያ ድንጋይ ነው። ሰሀር ይህን ስትተይብ እጆቿ ቆመው ነበር።

ደግሞ ሌላ ዘመን አለ፤ ወጣቱ ሁሉ ሥራ ፍለጋ በመርከብ ሄዶ አሥራ አንድ ተጫዋች ብቻ ቀረ። አሥራ አንድ ሆነው ከአሥራ አምስት ጋር ተጫወቱ። በየሳምንቱ ተሸነፉ፤ በየሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ። «ለምን ሄዱ?» ብላ ብትጠይቃቸው ጋሽ ቶሚ ጥያቄው አልገባቸውም። «ካልሄድንማ ክለቡ የለም ማለት ነዋ» አሏት። ወደ ሌላ ክለብ መዛወር የሚባል ነገር የለም። ሰው የሚጫወተው ለተወለደበት ሰበካ ነው፤ አለቀ። ኳሷ በደንብ ከተመታች ሃይዌይ ላይ አባቷ ከሚነዳው መኪና ትፈጥናለች፤ እነሱ ደግሞ ያኔ ጭንቅላታቸው ላይ ምንም አያደርጉም ነበር።

ከሁሉም በላይ የምትወደው ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1958ቱን ታሪክ ነው። ኖክሞራ ክለቡ ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውራጃውን ዋንጫ የበላችበት ዓመት። በአንድ ነጥብ ልዩነት! ያን ማታ ሰዉ በየመንገዱ ዳር እሳት አንድዶ ተጫዋቾቹን ተቀበለ። ያንን ታሪክ መራራ የሚያደርገው ግን አንድ ነገር አለ። ከፍጻሜው አንድ ሳምንት በፊት ምርጡ አጥቂያቸው ታገደ። በዚያን ጊዜ ኸርሊንግ ለሚጫወት ሰው እግር ኳስ መጫወት ክልክል ነበር፤ የእንግሊዞች ጨዋታ ነው ተብሎ። ልጁ ከተማ ሄዶ በሌላ ሰው ስም ኳስ ሲጫወት ታይቷል የሚል ስም የሌለው ደብዳቤ ለአውራጃው ደረሰ። ማን ጻፈው? ኖክሞራዎች ሳይጠራጠሩ ጎረቤት ሰበካ ባሊግላስ ላይ ፈረዱ። እስከ ዛሬ ድረስ ከኖክሞራ ሰው ባሊግላስ ሱቅ ገብቶ ዳቦ የሚገዛ የለም፤ አልፎ ሄዶ ይገዛል። ሰሀር ራሷ ባሊግላስን አይታ ሳታውቅ ጠልታታለች።

ዛሬ የያዘችው ሥራ መጽሐፉ አልነበረም። የክለቡ ጸሐፊ ኢሜይል ልካለች፦ ሜዳው በር ላይ ድንጋይ ሊቆም ነው፤ በ1958 ማልያውን የለበሱት ሁሉ ስም ይቀረጽበታል። ከእነሱ መካከል በሕይወት ያሉት ጋሽ ቶሚ ብቻ ናቸው። ጠራቢው ሰኞ ጠዋት ሥራ ስለሚጀምር ዝርዝሩ ዛሬውኑ ይላክልን ይላል። ጋሽ ቶሚ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድም ሳያቅማሙ፣ አሥራ አምስቱን ከግብ ጠባቂው ጀምረው እስከ መጨረሻው አጥቂ ድረስ ጠሩላት። ከዚያ ሻይ ላፍላ ብለው በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ኩሽና ገቡ። የቀረው ፎቶዎቹን ስካን አድርጎ አብሮ መላክ ብቻ ነው። ሐምራዊት አብራት የመጣችው ደግሞ ልደቷ ስለሆነ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ የሰሀር አባት ሁለቱንም ጓደኞቻቸው ወደሚጠብቋቸው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ወዳለ ምግብ ቤት ይወስዳቸዋል።

«እዚህ ኤንቨሎፕ ውስጥ ሌላም አለ» አለች ሐምራዊት። «ኦ፣ ያው ነው። ቆይ፣ አይደለም። ይሄ ‹ግማሽ ፍጻሜ› ይላል።»

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ያው ሜዳ፣ ያው የድንጋይ አጥር፣ ያው ፊቶች። ሰሀር አንድ በአንድ አየቻቸው። አሥራ አራቱ ቦታቸውን እንኳ አልቀየሩም። በስተቀኝ ጫፍ ያለው ብቻ ነው የተለየው። የፍጻሜው ፎቶ ላይ ጆሮው ትልቅ፣ ቀጭን ልጅ ቆሟል፤ እሳቸው ናቸው፣ ጆሯቸው ያው ነው። የግማሽ ፍጻሜው ላይ እዚያው ቦታ ትከሻው ሰፊ፣ የሚስቅ ወጣት አለ። ማልያው አንድ ነው፤ አንገቱ ላይ የተጣፈው ጨርቅ እንኳ ሁለቱም ላይ አለ።

ፎቶውን ገለበጠችው። በመጨረሻው መስመር ላይ፦ ዳን ፓት ጆ።

መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሐምራዊት።

«የታገደው አጥቂ ይሄ ነው። የፓት ልጅ፣ የጆ የልጅ ልጅ።» ሰሀር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐምሪ፣ ወንድማቸው ነው። ወንድም የለኝም ብለውኛል እኮ! መጀመሪያ ቀን ጠይቄያቸው ‹አንድ ነኝ› ነው ያሉኝ።»

«ሶ? ረስተውት ይሆናላ።»

«ወንድም ይረሳል? የሰፈሩን ሰው በሙሉ እስከ አያቱ ጠርተው ወንድማቸውን ረሱ?»

ሐምራዊት ሰዓቷን አየች። «ሲሪየስሊ ሰሀር፣ የነገሩሽን ሰንድ አድርጊውና እንሂድ። ወይ ደግሞ ራስሽ ጨምሪው። አያዩትም እኮ።»

እሱ ነበር ሰሀርን ያስፈራት። እውነት ነው፣ አያዩትም። አሥራ አምስት አድርጋ ብትልከው አያውቁም፤ አሥራ ስድስት አድርጋ ብትልከውም አያውቁም። ሁለቱም አንድ ቁልፍ ከመጫን አይበልጡም። ሰኞ ግን ድንጋይ ላይ ይቀረጻል፤ ድንጋይ ደግሞ አይደመሰስም። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ሰው ያለውን «ትክክል አይደለም» ማለት ነውር ነው።

ጋሽ ቶሚ ሦስት ኩባያ በትሪ ይዘው ገቡ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ እስኪያሳርፉ ጠበቀች። ከዚያ በላይ መጠበቅ ግን አልቻለችም።

«ጋሽ ቶሚ፣ ዳን ፓት ጆ ማነው?»

ያን ስም በሰው አፍ ሲጠራ ከሰሙ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አላህ ይወቅ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ፎቶው ጀርባ ላይ አይቼ ነው። አባቱና አያቱ የእርስዎ ናቸው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ፎቶ ስንት ሰው አየው መሰለሽ። እዚህ አትላንታ ያሉ አየርላንዳውያን ሁሉ አይተውታል። አንድም ሰው ልብ አላለም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «አንቺ ግን ስም ማንበብ ታውቂያለሽ።»

ሐምራዊት ኩባያዋን ያዘች እንጂ አልጠጣችም።

«በሦስት ዓመት ታላቄ ነው» አሉ ጋሽ ቶሚ። «እንደ ዳን ያለ ተጫዋች ኖክሞራ አይታ አታውቅም። ኳሷ ራሷ ፈልጋው የምትመጣ ነበር የሚመስለው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሮጣለሁ፣ ተቀያሪ ነኝ፣ ማልያው ግን አይደርሰኝም። የእኔ ቦታ የእሱ ቦታ ነበራ። በስድሳ ዘጠኝ ዓመት አንዴ የመጣ ፍጻሜ ቆሜ ልመለከተው ነው።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ከተማ ሄዶ እግር ኳስ እንደሚጫወት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ።»

ሰሀር የሚቀጥለው ቃል ሳይነገራት ገባት። ጆሮዋን መድፈን አማራት።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በግራ እጄ፤ ጽሕፈቴን እንዳያውቁት።»

ውጭ አንድ ጎረቤት ሣር ያጭዳል፤ የማጨጃው ድምፅ እየቀረበ እየራቀ ይሰማል።

«ባሊግላስ አይደሉም ማለት ነው?» አለች ሰሀር።

«ባሊግላስ ምንም አላደረጉም። ሰዉ ግን ‹ባሊግላስ ናቸው› ብሎ ወዲያው ፈረደ። እኔ አላልኩም። አይደለም ብዬም አልተናገርኩም። ስድሳ ሰባት ዓመት።»

«ዳንስ? አወቀ?»

«የፍጻሜው ቀን ጠዋት ዱላውን ይዞልኝ መጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው የእሱ ነው። ‹ያንተ ቀላል ነው፣ በዚህ ተጫወት› አለኝ። ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ያኔ እንዳወቀ ገባኝ። አንድ ቃል አልወጣውም። በሳምንቱ እንግሊዝ ሄደ፣ እዚያው ግንበኛ ሆኖ ኖሮ እዚያው ሞተ። አንድ ቀን አልተመለሰም።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እኔም ያን ቀን ኳሷን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነካኋት።»

ሰሀር ልትቆጣቸው ፈለገች፣ ግን አንጀቷን በሉት። ይሄ ሁሉ ድንጋይ የለቀሙ አሮጊቶች፣ አሥራ አንድ ሆነው የሄዱ ሰዎች፣ በየመንገዱ ዳር የነደደ እሳት፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በግራ እጁ እየጻፈ። ዕድሜው ከእሷ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠው። እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ ይሄን ያህል ዓመት መኖር እንደሚቻል አታውቅም ነበር።

«አሁን አወቅሽ» አሉ። «ጁን ላይ ድንጋዩን እንድገልጥ ጠርተውኛል። ሰበካው በሙሉ ይመጣል። የዳን ስም ካለበት ‹ባሊግላሶች ያሳገዱት ወንድምህ› ይሉኛል። ያኔ ምን ልላቸው ነው? አሥራ አምስቱን ላኪው፣ ልጄ።»

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። የሐምራዊት ስልክ ጮኸ፤ የሰሀር አባት ነው። «ልጆች፣ አሥር ሰዓት ሞላ! ፓርክ አላደርግም፣ ቶሎ ውጡ!»

ሐምራዊት ቦርሳዋን አነሳችና ሰሀርን አየቻት። ሰሀር አልተነሳችም።

«አንቺ ሂጂ፣ ሐምሪ።»

«በልደቴ?»

«በኋላ አባቴ ተመልሶ ይወስደኛል። ፕሊስ።»

«አልቀየምም አልልሽም» አለች ሐምራዊት። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞራ ሽማግሌውን አየቻቸው። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሰሀር ላፕቶፑን ትንሽ ከራሷ ገፋ አደረገችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ቶሚ፣ አሥራ አምስቱን በእኔ እጅ አልልከውም። ኢሜይሉ ‹ማልያውን የለበሱት ሁሉ› ነው የሚለው፤ ዳን ለብሷል። እርስዎ ሳይፈቅዱ ስም ጨምሬም አልልክም፤ ዓይንዎን ማታለል ይሆንብኛል። እርስዎ እስኪወስኑ ግን የትም አልሄድም።»

ተቆጥተው እንደሆነ ከፊታቸው ማወቅ አልቻለችም። ሻዩ እላዩ ላይ ስስ ሽፋን እስኪሠራ ቀዘቀዘ። ሣር አጫጁ ማሽኑን አጠፋ። ሰሀር ሁለት ጊዜ «እሺ፣ ልላከው» ልትል ደርሳ ሁለት ጊዜ ተወችው። በዚህ መሀል ጋሽ ቶሚ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ስሞቹን እየደገሙ ነበር፣ ከግብ ጠባቂው ጀምረው። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«መጨረሻ ላይ ማነው ያለው?» አሉ።

«ቶሚ ፓት ጆ።»

«ዳንን ከኔ በላይ አድርጊው። ታላቄ ነው።»

ጻፈችው። ከዚያ እንዲሰሙት ብላ አሥራ ስድስቱንም ጮክ ብላ አነበበችላቸው። የዳን ስም ጋ ስትደርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲከፍቱት እንባቸው ወርዷል፣ አልጠረጉትም። «ላኪው» አሉ። ላከችው። ኢሜይሉ ድምፅ አሰምቶ ሄደ።

ሰሀር ስልኳን አየች። ሐምራዊት የኬክ ፎቶ ልካለች፤ ሥሩ ምንም አልጻፈችም። አባቷ ደግሞ «ልምጣ?» ብሏል። አሁን ብትነሳ ትደርሳለች።

«ልጄ፣ ትሄጃለሽ?» አሉ ጋሽ ቶሚ። «የምትሄጂ ከሆነ ሌላ ቀን እናደርገዋለን። ግን ሌላ ቀን እደፍራለሁ ብዬ አላምንም።»

«ምኑን?»

«ሌላ ደብዳቤ አለብኝ። ለባሊግላስ ክለብ።»

ለአባቷ «አሁን አይደለም አባ፣ ቆይ» ብላ ጻፈችና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። አዲስ ገጽ ከፈተች።

«በምን ልጀምር?»

«በስም» አሉ ጋሽ ቶሚ። «ቶሚ ፓት ጆ ነኝ ብለሽ ጀምሪ።»